የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ምንድን ነው? (በቀል አይደለም!)

ሰሞኑን አንዱ «ክፉ የሠራ ክፉ ይከፈለዋል፤ ኒውተንም በሦስተኛው ሕጉ ብሎታል» ብሎ ሲጽፍ አነበብኩ። ስንተኛ ጊዜዬ እንደሆነ እንጃ። ወንድሜ፣ ኒውተን እንዲህ አላለም። «የዘሩትን ማጨድ» የሚል ተረት እያለልህ ፊዚክስን ለምን ታስቸግራለህ?

ሕጉ የሚለው «ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ አጸፋ አለ» ነው። ግማሹ ጥፋት የቃሉ ነው። «አጸፋ» ሲባል አንዱ ቀድሞ ይመታል፣ ሌላው ቆይቶ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1687 በታተመው ሕግ ግን ቀዳሚና ተከታይ የለም። እኔ ግድግዳውን ስገፋ ግድግዳውም በዚያችው ቅጽበት፣ በዚያው መጠን፣ ወደ ኋላ ይገፋኛል። የትኛውን ድርጊት፣ የትኛውን አጸፋ እንደምትሉት የእናንተ ፈንታ ነው።

ክፍል ውስጥ ሁለት ባለ ሞላ ሚዛኖችን በመንጠቋቸው አያይዛለሁ። አንዱን ለግዙፉ ልጅ፣ ሌላውን ለትንሿ ልጅ እሰጣለሁ። «አንተ ሳብ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ያዢ።» ከመጀመራችን በፊት ክፍሉ በሙሉ የእሱ ይበልጣል ብሎ ይወራረዳል። ሁለቱም 20 ኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ያሳያሉ። (ሚዛኖቹን አግድም ያዟቸውና መጀመሪያ ዜሮ ላይ መልሷቸው። አንዴ ይህን ረስቼ አንዱ 18፣ ሌላው 21 አሳየ። ተማሪዎቼ ኒውተንን በአብላጫ ድምፅ ጣሉት።)

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ይታወቃል፦ «እኩልና ተቃራኒ ከሆኑ ይጠፋፋሉ፤ ታዲያ ነገር እንዴት ይንቀሳቀሳል?»

ከሱቅ የ100 ብር ዕቃ በዱቤ ውሰዱ። ባለሱቁ ጋ 100 የሚሰበሰብ፣ እናንተ ጋ 100 የሚከፈል። «ተጠፋፋ» ብሎ የሚሰርዝላችሁ ባለሱቅ ካለ ንገሩኝ። አይጠፋፋም፤ ኪሱ ሁለት ነው። ኃይሎቹም የሚያርፉት በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ነው። ያቺው 100 ብር ባለሱቁን ላትነካው ትችላለች፣ እናንተን ግን ወር ታስጨርሳለች። ስትዘሉም እንዲሁ ነው፤ እናንተና መሬት የምትገፋፉት በእኩል ኃይል ነው፣ ግን የእሷ ግዝፈት ንቅናቄዋን አያሳይም። ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ዱቤ ቀን ይሰጣል፣ ኃይል ግን ቀን አይሰጥም።

ጠረጴዛ ላይ ያለው መጽሐፍስ? ክብደቱና የጠረጴዛው ግፊት የድርጊትና የአጸፋ ጥንድ አይደሉም! ሁለቱም በመጽሐፉ ላይ ነው ያረፉት። ወደ ላይ መነሳት በጀመረ ሊፍት ውስጥ ብታስቀምጡት እኩል እንኳን አይሆኑም። የክብደቱ ጥንድ መጽሐፉ መሬትን የሚስብበት ኃይል ነው።

በመጨረሻ ፊኛ ነፍቼ በክር ላይ እለቃለሁ። «ከኋላ ያለውን አየር ገፍቶ ነው የሄደው» ይላሉ። አይደለም፤ የገፋው ከውስጡ የሚወጣውን አየር ነው፣ ያው አየርም ፊኛውን ይገፋዋል። በዚህ ተማሪ አልቆጣም። እ.ኤ.አ. በ1920 ኒው ዮርክ ታይምስ፣ ሮኬት በባዶ ሕዋ የሚገፋው ነገር የለም ብሎ በሮኬት ተመራማሪው ሮበርት ጎዳርድ ላይ ተሳልቋል። ሰውየው በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የሚታደለው እውቀት እንኳን ይጎድለዋል አለ። እርማቱ የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1969፣ አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ በመንገድ ላይ እያለች ነው። «ክፉ የሠራ ክፉ ይከፈለዋል» ያለውን የእኛን ሰውዬ እርማት ደግሞ እየጠበቅሁ ነው።