ድሬዳዋ ወይም ሐረር ለተመደበ የገጠር ተማሪ፦ የሚነገረውና እውነታው

የምደባ ውጤት በወጣ ሰሞን ወደ ምሥራቅ የተመደበ ልጅ ቤት ውስጥ መካሪው ይበዛል። አጎት፣ ጎረቤት፣ አምና ሄዶ የተመለሰ የሰፈር ልጅ፣ ሁሉም የሚለው አያጣም። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ከውስጡ የተሳሳተው ግን ልጁን በመጀመሪያው ሴሚስተር ዋጋ ያስከፍለዋል። ደጋግመን የምንሰማቸውን እናንሳ።

«ምሥራቅ ሁሉ በረሃ ነው፤ ብርድ ልብስ ምን ይሠራል?»

መጀመሪያ የተመደባችሁበትን ግቢ ስም በደንብ አንብቡ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በተለይ ግንቦትና ሰኔ ሙቀቷ ከባድ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ደግሞ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። የዩኒቨርሲቲው የጤና ተማሪዎች የሚማሩባት ሐረርም ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የደንገጎን ዳገት ወጥታችሁ ሳትጨርሱ አየሩ ይለወጣል። ሐረማያ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ወፍራም ብርድ ልብስና ሹራብ ይፈልጋል። ለድሬ ስስ ብርድ ልብስ ይበቃል፤ የተረፈውን ገንዘብ ለሁለተኛ አንሶላና ለአጎበር አውሉት።

«ወባ የክረምት በሽታ ነው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ የለም»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ይህ ነው። ገጠር ያደገ ልጅ ወባን የሚያውቀው ከረግረግና ከዝናብ ጋር ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን በ2014 ዓ.ም. የወባ ወረርሽኝ የተነሣው በበጋ ነበር። ያመጣችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል፣ አገራችን ውስጥ ከታየች ብዙ ያልቆየች ትንኝ ናት። ይህችን ትንኝ የከተማ ኑሮ ይመቻታል፤ በርሜል፣ ሮቶና ለግንባታ የተጠራቀመ ውሃ ውስጥ ትራባለች። ዝናብ አትጠብቅም።

ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ተማሪው በጀሪካንና በባልዲ ያጠራቅማል። ክዳኑ ክፍት ከሆነ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ 10 ቀን ገደማ ይበቃል። ስለዚህ ዕቃውን መክደን ብቻ ሳይሆን በሳምንት አንድ ቀን ውሃውን ደፍቶ የውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ መፈተግ ያስፈልጋል። መፈተጉ ለምን? ደንጊ የሚባለውን፣ ሌላ በትንኝ የሚመጣ ትኩሳት የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች፤ ያ እንቁላል ደርቆ ወራት ቆይቶ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ደፍታችሁ ብቻ መልሳችሁ ብትሞሉት ሥራው ከንቱ ነው። (የድሬ ውሃ ጠጣር ነው፤ ሳሙና ቶሎ አያረፋም፣ ዕቃው ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ያ ቅርፊት የማዕድን ዝቃጭ እንጂ መርዝ አይደለም፤ አትደንግጡ።)

አጎበር ከወባ ያድናል፤ የደንጊዋ ትንኝ ግን በቀን ትነክሳለች፣ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። በቀን የሚያድናችሁ እጅጌው ረጅም ልብስ ነው። ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ሕመምና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ከያዛችሁ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ በራሳችሁ አትውሰዱ፤ ሕመሙ ደንጊ ከሆነ ደም የመፍሰስ አደጋን ያባብሳሉ። ፓራሲታሞል ውሰዱ፣ ፈሳሽ አብዙ፣ በዚያው ቀን ክሊኒክ ሄዳችሁ የወባ ምርመራ አድርጉ። «ሙቀቱ ነው» ብሎ ሦስት ቀን ዶርም ውስጥ መተኛት ነው ሰውን የሚጎዳው።

«መንግሥት ስለሚያስተምር ሁሉም ነፃ ነው»

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት የሚባል ውል ትፈርማላችሁ። የምግብ፣ የመኝታና የትምህርቱ ወጪ ከፊል በስማችሁ ይመዘገባል፤ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ይከፈላል። ጉዳዩን ሳይጨርሱ ዋናውን ዲግሪ መውሰድ አይቻልም። በየዓመቱ የምትፈርሙትን ቅጽ አንብቡ፣ ኮፒውን አስቀምጡ።

«ኖን ካፌ» መሆን፣ ማለትም በምግቡ ፈንታ ገንዘብ መቀበል፣ ለአዲስ ተማሪ ያጓጓል። የእኛ ምክር የመጀመሪያውን ሴሚስተር ካፌ ሁኑ ነው። ገንዘቡ በእጅ ሲገባ ብዙ ይመስላል፤ በቀን ሦስት ጊዜ ውጭ ለሚበላ ግን ወሩ ሳያልቅ ያልቃል።

«የገጠር ልጅ በእንግሊዝኛ ምክንያት ይባረራል»

እንግሊዝኛው መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፣ እውነት ነው። ውጤት የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ አቆጣጠሩን አለማወቅ ነው። ሃይስኩል ላይ የለመዳችሁት ትልቁን ፈተና መጠበቅ ነው፤ እዚህ ግን ኩዊዝ፣ አሳይመንትና ሚድ ተደምረው ግማሽ ያህሉን ይይዛሉ። አንድ ኩዊዝ መቅረት የሚያስከፍለው ብዙ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የሚሰጠውን ኮርስ አውትላይን ወስዳችሁ የየፈተናውን ድርሻና ሳምንት ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ክሬዲቱንም እዩ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ «ሲ»፣ ባለ 2 ክሬዲት ላይ «ኤ» ያመጣ ተማሪ 6 እና 8 ነጥብ ይዞ ድምሩ 14 ለ 5 ሲካፈል 2.8 ይሆናል። ሁለቱ ግሬዶች ቢገለባበጡ 12 እና 4፣ ድምሩ 16 ለ 5፣ 3.2 ነው። ድካሙ እኩል፣ ውጤቱ የተለያየ። የጥናት ሰዓታችሁን በክሬዲት መድቡ።

«ጫት ሳይቅሙ ሌሊት ማጥናት አይቻልም»

የአወዳይ ገበያ ከሐረማያ ግቢ ቅርብ ነው፤ ጫቱ በእጅ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ካቲኖን እንቅልፍ ያባርራል፣ ያነበቡት ሁሉ የገባ ያስመስላል። ነገር ግን አእምሮ የተማረውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ከምርቃናው በኋላ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይመጣል፤ ጠዋት ፈተና ላይ የሚቀመጠው ያ ሰው ነው። እምቢ ማለት ወዳጅነት አያፈርስም፤ ሳይቅሙ ሻይ ይዞ ተቀምጦ መጫወት ይቻላል።

«ድሬዎች ስድ ናቸው፣ ትልቅ ሰው አንተ ይላሉ»

ጎጃም ወይም ወሎ ገጠር ያደገ ልጅ አረጋዊ «አንተ» ሲባል ሲሰማ ይሰቀጥጠዋል። ድሬና ሐረር ግን ልጁ ሽማግሌውን፣ ደንበኛው ባለሱቁን «አንተ» ቢል ንቀት የለበትም፤ «አቦ ና!» የሚላችሁም እንደ ወንድም ቆጥሯችሁ ነው። እናንተ «እርስዎ» ብትሉ ማንም አይከፋውም፤ እነሱ ካልመለሱላችሁ አትቀየሙ። በከተማው አማርኛ ያግባባል፤ ቀፊራ ገበያ ላይ ግን ዋጋ ለመጠየቅ ያህል ኦሮምኛና ሶማልኛ መልመድ ይጠቅማል።

«ደቻቱ ደረቅ ነው፤ ዳሩ ላይ ቤት መከራየት ይረክሳል»

ይህ በግል ኮሌጅ ለሚማርና ቤት ለሚከራይ ነው። ደቻቱ ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ጎርፉ የሚመጣው ግን በላይ ተራራው ላይ በሚዘንበው ዝናብ ነው፤ ከተማው ሰማይ ጥርት ብሎ እያለ ሊደርስ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሰው በተኛበት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ከመከራየታችሁ በፊት ጎረቤቱን «ውሃው እስከየት ደርሶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በክረምት አሸዋውን ለአቋራጭ አትጠቀሙበት።

«ወረቀቱ ኋላ ይላካል»

አይሆንም። የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕትና የ12ኛ ሰርተፊኬት ዋናውና ኮፒው፣ 3 በ 4 ፎቶና ፋይዳ ከእጃችሁ አይለዩ። ከሻንጣ ጋር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አትጫኑት፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ጉያችሁ ያዙት። ጉዞው ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 አካባቢ ከዋለ ቁልቢ ገብርኤል ተጓዡ ስለሚበዛ ትኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ።