«ሙዱ ሲመጣ እስላለሁ» እና ሌሎች ጣጣዎች

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሳሎኔን የሥዕል ስቱዲዮ አድርጌ ነው የምሠራው። ሥራ ሊያሳዩኝ ብቅ የሚሉ ልጆች ሁሌም ያንኑ ነው የሚሉኝ። አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

«ከከተማ ወጣ ካልኩ ጊዜ አገኛለሁ።» ታገኛላችሁ፣ ነጭ ቀለም እስኪያልቅባችሁ። ፒያሳ ደርሶ መመለስ ቀኑን ይበላዋል። የወሩን አንድ ላይ ግዙ።

«መስኮቱ ወደ ሰሜን ከሆነ ብርሃኑ አይቀየርም።» የአውሮፓ ምክር ነው። እኛ ያለነው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ነው። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በግንቦት ጠዋት ሸራችሁ ላይ ስታርፍ አትደንግጡ፤ ነጭ ሻሽ ጋርዱ።

«ሙዱ ሲመጣ እስላለሁ።» እዚህ ላይ ትዕግስቴ አልቋል። ሙዱ መቼ እንደሚመጣ ልንገራችሁ? ኤግዚቢሽኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው! ሰው ቢቸኩል ዘይት ቀለም አይቸኩልም። ተኖ አይደለም የሚደርቀው፤ የተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠጥረው። ስሱ ቅብ ቀናት ይፈልጋል፣ ወፍራሙ ወራት። በክረምት ብርድ ይብሳል። በርንት አምበር የሚባለው ጠቆር ያለ ቡናማ ቶሎ ይደርቃል፣ ቲታኒየም ነጭ ይጎተታል። አንዱ ልጅ ሐምሌ ላይ ወፍራም ነጭ ደመና ቀብቶ፣ በማግስቱ ሸራውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሚኒባስ ላይ ጫነው። ሲፈታው ደመናው ከላስቲኩ ጋር ተነሳ። ሸራው ላይ የቀረው የላስቲኩ ሽብሽብና የረዳቱ አውራ ጣት ነው።

ስለዚህ ከመክፈቻው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ። የመጨረሻው ቫርኒሽ በተለምዶ ስድስት ወር ይጠበቅለታል፤ የጥር ኤግዚቢሽን ሥራ ሰኔ ላይ ቢያልቅ ነው የሚያምርበት። ሦስት አራት ሸራ ጎን ለጎን ያዙ፤ አንዱ ሲደርቅ ሌላውን ቀቡ። ከታች ዘይት ያነሰው፣ ከላይ የበዛው ይሁን፤ አለዚያ ይሰነጣጠቃል። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሸራ ወጥሩ፤ ለዚህ ሻማም ይበቃል።

«ፕላን ስሜት ይገድላል» ለሚለኝ፣ አፍሪካ አዳራሽ ገብቶ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ይይ። 150 ካሬ ሜትር! መስታወት ደግሞ ቁራጭ በቁራጭ ተለክቶ ነው የሚገጠመው። ስሜት ጎድሎታል የሚል ካለ ይምጣና እንነጋገር።

«ታዲያ አክሪሊክ ብጠቀምስ?» ተጠቀሙ። እሱ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ነው፤ ውሃው ሲተን ስለሚደርቅ ቶሎ ይደርሳል። ግን ሲደርቅ ጠቆር ይላል፤ የትናንቱን ቀለም ዛሬ ቀላቅላችሁ ለማግኘት ስትለፉ ትውላላችሁ። መጀመሪያ ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀብታችሁ አድርቁት።