ወጪ መጋራት፦ ዕዳው ከየት መጣ?

ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ኦሪጅናል ዲግሪውን ሊወስድ ሬጅስትራር መስኮት ላይ የቆመ ሰው «የወጪ መጋራት ክሊራንስ አምጣ» (የትምህርት ወጪ ዕዳህን መክፈልህን የሚያረጋግጥ ወረቀት) ሲባል ይደነግጣል። «መንግሥት በነፃ አስተምሮኝ የለ?» ይላል። በነፃ አልነበረም።

በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ ቁጥር 91 በተጀመረው የወጪ መጋራት አሠራር መሠረት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ግር የሚለው የምግቡ ነገር ነው። ነን ካፌ የሆነ፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲው ካፌ የማይመገብ ተማሪ «ካፌ ስላልበላሁ አይታሰብብኝም» ይላል፤ ነገር ግን የምግቡን ብር በእጁ ተቀብሏል፣ ስለዚህ ይታሰብበታል። በየዓመቱ ሳያነቡ የሚፈርሙት ውል ይህንኑ ነው የሚለው።

ክፍያው ከወር ገቢ 10 በመቶ እየተቆረጠ በ15 ዓመት ውስጥ ይጠናቀቃል። ለምሳሌ 32,400 ብር ዕዳ ያለበት፣ ደመወዙም 9,000 ብር የሆነ ሰው በወር 900 እየከፈለ በ36 ወር ይጨርሳል።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚመጣው ቀጣሪው ቆርጦ ለገቢዎች ሳያስገባ ሲቀር ነው፤ ፔሮል ላይ ተቆርጧል፣ ደረሰኝ ግን የለም። ሥራ ከመልቀቅዎ በፊት የተቆረጠውን ጠቅላላ ድምር የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከነደረሰኙ ኮፒ ይያዙ። መሥሪያ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ማን ይጽፍልዎታል?