ፖሊፌኖል ምንድነው? የበላነው ሁሉ ደም ውስጥ ይገባል ወይ?

"የጅማ ቡና ፖሊፌኖሉ ብዙ ነው፣ ደም ውስጥ ገብቶ መርዝ ያጥባል፣ በርከት አድርጋችሁ ጠጡ" የሚል ነገር ሰሞኑን ደጋግሜ አየሁ፣ አንዱ ኮመንት ላይ ጭራሽ በቀን ስንት ግራም እንደሚገባን አስልቶ እንክብሉንም ግዙ ብሏል። ቡና ፖሊፌኖል በብዛት አለው፣ እሱ ላይ ጠብ የለኝም። ግን ምግቡ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደም ውስጥ የሚገባው ቁጥር አይደለም!

ፖሊፌኖል ዕፅዋት ራሳቸውን ከተባይና ከፀሐይ ለመከላከል ጭምር የሚሰሯቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶች የጋራ ስም ነው፣ እሱን ልለፈው። ጉዳዩ ያለው አንጀት ውስጥ ነው። ጅማ ዙሪያ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው ገበሬው ለመፈልፈያው የሚያስረክበው ቀይ እሸት ቡና ነው፣ ጅቡቲ የሚደርሰው ግን እሸት አይደለም፣ ተፈልፍሎ፣ ገንዳ ውስጥ ተብላልቶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተቀሽሮ፣ ደረጃ ወጥቶለት ነው። ፖሊፌኖልም እንደዛው። ብዙው ስኳር ተለጥፎበት ነው የሚመጣው፣ ትንሹ አንጀት ስኳሩን ፈልፍሎ የሚችለውን ያህል ይወስዳል፣ በጥቅሉ ሲገመት ከመቶ 5 እስከ 10 ብቻ ነው። የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፣ ገንዳው እሱ ነው፣ ባክቴሪያዎቹ እዛ ሰባብረው ወደ ትንንሽ ውህድ ይቀይሩታል። ከዛ ጉበት ማህተሙን ይመታበታል፣ ማለትም ለማስወጣት የሚመች መልክ ይሰጠዋል፣ ኩላሊት ደግሞ አብዛኛውን በሰዓታት ውስጥ ጠርጎ ያስወጣዋል።

ሁሉም አንድ አይነት መንገድ አይሄድም። ኩዌርሴቲን የሚባለውን ውሰዱ፣ ቀይ ሽንኩርትም ውስጥ አለ፣ ቡና ላይ ጣል የምናደርጋት ጤና አዳም ውስጥም አለ። የሽንኩርቱ ከግሉኮስ ጋር የተያያዘ ስለሆነ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ይደርሳል፣ የጤና አዳሙ ግን ሩቲን በሚባል መልክ ነው ያለው፣ ጫፉ ላይ ያለውን ስኳር የኛ ኢንዛይም መቁረጥ ስለማይችል ባክቴሪያዎቹን ይጠብቃል፣ ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጃል። የቡናው ዋና ፖሊፌኖል ክሎሮጀኒክ አሲድስ? ትልቁ አንጀታቸው በኦፕሬሽን የወጣላቸው ሰዎች ላይ ሲለካ ትንሹ አንጀት የወሰደው ሲሶውን ገደማ ነው። ቡናው ሲቆላ በጣም ከጠቆረ ደግሞ መጀመሪያውኑም ስኒው ውስጥ የሚገባው ይቀንሳል።

"መርዝ ያጥባል" የሚለው የመጣው ከላብራቶሪ ቱቦ ነው። ቱቦ ውስጥ ፖሊፌኖል ኃይለኛ አንቲኦክሲዳንት (ሴል የሚጎዱ ውህዶችን የሚያከሽፍ) ነው፣ ደም ውስጥ ግን መጠኑ እሱም አንቲኦክሲዳንት ከሆነው ከራሳችን ዩሪክ አሲድ ብዙ ጊዜ ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል፣ በዚህ መጠን ምን ሊያጥብ ይችላል? የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግቦችን አንቲኦክሲዳንት አቅም የሚያሳየውን ሰንጠረዥ በፈረንጆቹ 2012 ከድረ ገጹ ያነሳው ቁጥሩ ሰውነት ውስጥ ከሚሆነው ጋር እንደማይገናኝ ማስረጃው ስለበዛና ነጋዴዎችም ለማስታወቂያ እያዛቡት ስለሆነ ነው።

"ታዲያ ካልገባ ምን ይጠቅማል" የሚለውም ያው ስህተት ነው። አልገባም ያልነው እኮ ገንዳው ውስጥ ስራ ላይ ነው፣ ባክቴሪያዎቹን ይመግባል፣ ከነሱ የሚወጣው ደግሞ ደም ውስጥ ይገባል፣ ካካዎ ውስጥ ያሉት ፍላቫኖል የሚባሉ ፖሊፌኖሎች ደግሞ የደም ስር ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያመርት ይረዳሉ። ባክቴሪያው ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንድ ስኒ ቡና ለኔና ለጎረቤቴ እኩል አይሰራም፣ ስለዚህ የግራም ስሌቱ ከመነሻው አይቆምም። እንክብሉማ ጭራሽ ሌላ ነው፣ የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ በእንክብል መልክ ሲወሰድ ኢጂሲጂ የሚባለው ዋና ፖሊፌኖሉ በቀን 800 ሚሊግራምና ከዛ በላይ ሲሆን ጉበት ላይ የጉዳት ምልክት ታይቷል።

አንድ ነገር ሳልጨምር ባልፍ ህሊናዬ አያርፍም፣ ፖሊፌኖል ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን አይረን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ምሳ እንደበላን ቡና ማፍላት ልማዳችን ነው፣ በጥናት ግን ቡና ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ሲጠጣ አይረኑን አልነካም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲጠጣ ግን አብሮ እንደተጠጣ ያህል ቀንሶታል። ጤፍ አይረኑ ብዙ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፣ የሚለካው ትልቅ ቁጥር ብዙው አውድማ ላይ የተቀላቀለ አፈር ነው። እርጉዝ የሆናችሁ እህቶች የአይረን ክኒናችሁን በውሃ ዋጡ፣ ቡናውን ቢያንስ ሁለት ሰዓት አርቁት።