«ከድንች በላይ የፔሩ ልጅ»፦ ሙገሳውን ስድብ ላደረጉት

ሰሞኑን አንድ የኳስ ተንታኝ ስለ ፔሩ ብሔራዊ ቡድን በአማርኛ ሲያወራ «ማስ ፔሩዋኖ ኬ ላ ፓፓ» የሚለውን የፔሩዎች አባባል ጠቀሰ። «ከድንች በላይ የፔሩ ልጅ» ብሎ ተረጎመው፤ እስከዚህ ደህና። ቀጠለና ግን «እንደ ድንች ተራ የሆነ፣ የትም የሚገኝ ተጫዋች ማለታቸው ነው» ብሎ ፈታው። አጠገቡ የተቀመጠው ሳቀ፤ ወሬውም ወደ ቅጣት ምት ዞረ።

እኛ ዘንድ ድንች የጾም አልጫ ነው፤ ኪስ ሲሳሳም የሚገዛ ቀለብ ነው። ጆሯችን ወደ ርካሽነቱ ቢያደላ አልፈርድም። ፔሩ ውስጥ ግን አባባሉ «እውነተኛ የፔሩ ልጅ» የሚል ሙገሳ ነው፤ ይህን የተባለ ሰው ደረቱን ነፍቶ ነው የሚሄድ። ለምን እንደሆነ የሚገባው ድንቹ ወዳለበት ወደ አንዴስ ተራራ ሲወጣ ነው።

የዱር ድንች መራራ ነው፤ መርዝም አለው። ተፈጥሮ እንዳለ ሰጥታቸው ቢሆን ኖሮ የአንዴስ ሰዎች የሚኮሩበት ነገር ባልነበራቸው። እነሱ ግን በቲቲካካ ሐይቅ ዙሪያና በደቡብ ፔሩ ደጋዎች ከ7 ሺህ ዓመት በላይ ሲመርጡት፣ ሲያዳቅሉት፣ ሲያለምዱትም ኖረው ገበታ ላይ የሚቀርብ ምግብ አደረጉት። መራራነቱ አልለቅ ያለውን ዝርያ ዛሬም ፑኖ አካባቢ «ቻኮ» በሚሉት የሚበላ ሸክላ አፈር ወጥ እያጠቀሱ ይመገቡታል፤ አፈሩ መርዙን ይይዝላቸዋል። እንዲህ ያለውን ብልሃት ለማግኘት ስንት ትውልድ ሆዱን ታሞ ይሆን!

ከሁሉ የሚደንቀኝ ጩንዮ፣ በውርጭና በፀሐይ የሚደርቀው ድንች፣ ነው። ሰኔና ሐምሌ በአንዴስ ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ጠራራ ፀሐይ ነው። ከባሕር ወለል 3,800 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍ ባለ ሜዳ ላይ ገበሬዎቹ ትንንሹንና መራራውን ድንች ለይተው ሣር ላይ ያሰጡታል። ውርጩ ሌሊቱን ያጠነክረዋል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው ይለሰልሳል። ጥቂት ሌሊት እንዲህ ካደረ በኋላ ቤተሰቡ ጫማውን አውልቆ ይወርድበታል። እናት፣ አባት፣ ልጅ በባዶ እግራቸው ክምሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ ይረግጡታል፤ ውሃው ከነመራራው ይወጣል፣ ልጣጩም ተፈግፍጎ ይቀራል። ከዚያ ፀሐይ ያደርቀዋል። የሚቀረው ጥቁር፣ ቀላል፣ እጅ ላይ ሲያዝ የሚንኳኳ ነገር ነው፤ ለዓመታት ይቀመጣል፣ አይነቅዝም። ነጩ ዓይነት ደግሞ ወንዝ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆያል። ኢንካዎች ጎተራቸውን በዚህ ይሞሉ ነበር። ስፔናውያን ከመጡ በኋላም በዛሬዋ ቦሊቪያ ያለውን የፖቶሲን ተራራ ብር የቆፈሩት ምስኪኖች የኖሩት በጩንዮ ነው።

ዘሩ የሚጠበቀው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው። አንድ ማሳ ላይ አንድ ዝርያ ብቻ መዝራት ለእነሱ ሞኝነት ነው፤ ቀዩን፣ ወይን ጠጁን፣ ቢጫውን፣ ጠማማውን አደባልቀው ይተክላሉ። ውርጭ አንዱን ቢመታ ሌላው ይተርፋል። በአንዴስ ከ4 ሺህ በላይ የድንች ዝርያ አለ። ከእነዚህ አንዱን በኬችዋ ቋንቋ «ምራት አስለቃሽ» ይሉታል። ጉብታና ስርጉድ የበዛበት፣ ቢላዋ የሚያስቸግር ድንች ነው፤ አማት አዲሲቱን ሙሽራ «እስቲ ይህን ላጪልኝ» ብላ ትሰጣታለች ይባላል። ሥጋውን ሳታባክን ስስ አድርጋ ከላጠች ለትዳር በቅታለች።

መከር ሲደርስ ደግሞ ዋትያ አለ። ከማሳው ደረቅ ጓል ይለቅሙና ትንሽ ጉልላት ይሠራሉ፤ ውስጡ እሳት ያነዱበታል። ጓሉ ሲግል ድንቹን ይከቱና ጉልላቱን ላዩ ላይ ያፈርሱታል። ድንቹ በበቀለበት አፈር ይበስላል።

ይህን ሳነብ አያቴ ትዝ ትለኛለች። አገው ምድር፣ እንጅባራ አቅራቢያ፣ ድንች ሲቆፈር ልጆች ከኋላዋ እየተከተልን እንለቅም ነበር። ማታ ረመጥ ውስጥ ቀብራ ታወጣልናለች፤ ልጣጩ ያረረውን በአመድ በተለወሰ እጃችን እየገመጥን እንጣላበታለን። የዘሩን ድንች ግን ሞት ነው፣ አታስነካም። የረሃብ ወሬ እየሰማች ያደገች ሴት ናት። ድንች አገራችን የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጀርመናዊው የእፅዋት ሊቅ ሺምፐር ይዞት መጥቶ ነው፤ የተስፋፋው ግን ከክፉ ቀን በኋላ፣ የሰው ሆድ ሌላ አማራጭ ሲያጣ ነው። ዛሬ ገበሬዎቻችን የሚያውቋቸው ጃለኔ፣ ጉደኔና በለጠም የዘር ሐረጋቸው ሊማ ካለው ዓለም አቀፍ የድንች ማዕከል ይመዘዛል። ስለዚህ «ተራ» የተባለው ድንች ለእኛም ባለውለታችን ነው።

አባባሉ ከየት መጣ? የእኔ እምነት ገበሬው አልፈጠረውም የሚል ነው። ድንች ውስጥ የሚኖር ሰው «ከድንች በላይ» ለማለት ምን አነሳሳው? የተወለደው ሊማ ነው፣ ያውም ገበያ ውስጥ ነው እላለሁ። በ1940 እ.ኤ.አ. የሊማ ሕዝብ 645 ሺህ ያህል ነበር፤ በ1972 ከ3.3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ከጨመረው ሰው ብዙው ከደጋ የወረደ ነው። ከተሜው «ሴራኖ»፣ ደገኛ፣ እያለ ያሸማቅቀው ነበር፤ ኬችዋው ያሳፍር፣ የሚበላውም ያስንቅ ነበር። ከድንች ጆንያ ጀርባ የቆመች አንዲት ነጋዴ «አገርሽ የት ነው?» ተብላ ስትጠየቅ «እኔማ ከዚህ ድንች በላይ የፔሩ ልጅ ነኝ!» ብላ ስትመልስ ይታየኛል። የሊማ ሰው ያን ጆንያ ሳይገዛ ካውሳና ፓፓ አ ላ ዋንካይና የሚላቸውን የድንች ምግቦቹን ሊሠራ አይችልም። ክርክሩ እዚያው አለቀ። አባባሉ ከቺሊ ጋር ካለው ፉክክር መጣ የሚል ቢኖር አልቀበለውም። በ2008 የቺሊ ግብርና ሚኒስትር የዓለም ድንች ከሞላ ጎደል መነሻው ቺሊ ነው ብለው ፔሩዎችን ቢያስቆጡም፣ አባባሉ ያኔ አፋቸው ላይ ነበር።

ይህ እምነቴ እውነት ከሆነ አባባሉ የሚለካው ትውልድን ሳይሆን ልፋትን ነው። ለማን ይገባል ብባል መጀመሪያ ዋማን ፖማን እጠራለሁ። ይህ የአንዴስ ተወላጅ በ1615 ገደማ ለስፔን ንጉሥ 1,200 ገጽ የሚጠጋ አቤቱታ በወደ 400 ሥዕል አጅቦ ጻፈ፤ ጽሑፉ በ1908 ኮፐንሃገን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተገኘ። የሕዝቡን በደል ሲዘረዝር የእርሻ ወሮቹንም አልረሳም፤ ድንች የሚተከልበትንና የሚቆፈርበትን ወር እየለየ ሥሏል። በእግር የሚገፋው መቆፈሪያቸው፣ ቻኪታክሊያ፣ በሥዕሎቹ ላይ አለ።

ቀጥሎ ካርሎስ ኦቾዋ። በ1920 ኩስኮ ተወልዶ በ2008 ያረፈ ሳይንቲስት ነው። ዕድሜውን ሙሉ አንዴስን ወጥቶ እየወረደ የዱር ድንች ሰበሰበ፣ አዳዲስ ዝርያም አዳቀለ። ከዝርያዎቹ አንዱ «ቶማሳ ኮንደማይታ» ይባላል፤ ስሙ የተወሰደላት ከአመፁ መሪ ከቱፓክ አማሩ ጋር በስፔን ላይ ተነሥታ በ1781 ኩስኮ አደባባይ የተገደለች ሴት መሪ ናት። እንዲህ ያለ ሐውልት የት ይገኛል? በየዓመቱ ይዘራል፣ ይበላል፣ እንደገና ይዘራል።

ደራሲው ሆሴ ማሪያ አርጌዳስም አለ፤ በ1911 አንዳዋይላስ ተወለደ። ነጭ ሆኖ ሳለ ያደገው በማጀት፣ ከኬችዋ ተናጋሪ አገልጋዮች ጋር ነው። በ1968 ሽልማት ሲቀበል በስፔንኛም በኬችዋም በደስታ የሚናገር ፔሩዊ መሆኑን አስረግጦ ተናገረ። ኬችዋ በአገሪቱ ሕግ የመንግሥት ቋንቋ የሆነው ከዚያ ወዲህ፣ በ1975 ነው።

ታዲያ ፔሩዎቹ ራሳቸውም አባባሉን እያረከሱት ነው። ማሊያ ለብሶ ፎቶ ለተነሣ ሁሉ ይሰጣል፤ ለቢራ ማስታወቂያ፣ ለዘፋኝ የልደት ቀን ሳይቀር ይባላል። ግንቦት 22 ቀን፣ በእነሱ ሜይ 30፣ የብሔራዊ ድንች ቀናቸውን ያከብራሉ፤ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ። ንግግሩ ሞልቶ ይፈሳል። በማግስቱ ግን ከኔዘርላንድና ከቤልጂየም የመጣ በረዶ የሆነ የተቆረጠ ድንች በሊማ ምግብ ቤቶች ይጠበሳል፤ የዋኑኮና የዋንካይዮ ገበሬ ደግሞ ምርቱ የማዳበሪያውን ዋጋ እንኳ አልመልስ እያለው መንገድ ይዘጋል። የገበሬውን ድንች ሳይገዙ «ከድንች በላይ ፔሩዊ ነኝ» ማለት ነውር ነው። የእኛም ተንታኝ በሚቀጥለው ጊዜ የሰው አገር አባባል ሲያነሣ የአገሩን ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ስፓኒሽ የሚያውቅ አበሻ አይጠፋም።