ኢንጋልስ ሪንክ፦ የዬል ዓሣ ነባሪ

ኢንጋልስ ሪንክ የዬል ዩኒቨርሲቲ የበረዶ ሆኪ መጫወቻ ነው። የሚገኘው በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ ነው። ወደ 3,500 ተመልካች ይይዛል። በመደበኛ ስሙ የሚጠራው ግን ጥቂት ሰው ነው። ብዙዎች «ዌል» ይሉታል፤ ዓሣ ነባሪ ማለታቸው ነው። ከውጭ አንዴ ያየው ሰው «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። ጀርባው የጎበጠ ትልቅ ፍጥረት ሣር ላይ የተኛ ይመስላል።

የነደፈው ትውልደ ፊንላንዳዊው አርክቴክት ኤሮ ሳሪነን ነው። ሳሪነን ራሱ የዬል ምሩቅ ነው፤ የቤቱ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ዋሽንግተን አጠገብ ያለውን የደለስ ኤርፖርት ተርሚናልም የነደፈው እሱ ነው። ከአዲስ አበባ በረው እዚያ ያረፉ ሀበሾች ሥራውን ሳያውቁት አይተውታል። የሁለቱም ጣሪያ በገመድ የተንጠለጠለ ነው።

የሪንኩ ጥበብ ያለው ጣሪያው ላይ ነው። ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ቶሎ ይገባዋል። በሕንፃው ርዝመት 90 ሜትር ገደማ የሚሆን የአርማታ አከርካሪ ተዘርግቷል። ከእሱ ላይ የብረት ገመዶች ግራና ቀኝ ወደታች ወርደው ጎበጥ ባሉት የውጭ ግድግዳዎች ላይ ታስረዋል። በገመዶቹ ላይ ጣውላ ተነጠፈ፤ ይኸው ነው ጣሪያው። ውስጥ አንድም ዓምድ ስለሌለ ከየትኛውም ወንበር በረዶው ወለል ብሎ ይታያል። ከፍታው መሃል ላይ 23 ሜትር ይደርሳል። ቀና ብሎ ጣውላውን ያየ ሰው የተገለበጠ መርከብ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። መሐንዲሱ ፍሬድ ሰቨሩድ ነበር።

ሥራው በ1958 ተጠናቀቀ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወጪው 1.5 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ፤ መጀመሪያ ከተገመተው እጥፍ መሆኑ ነው። ለእኔ ግን አንዷም ሳንቲም በከንቱ አልጠፋችም። ስያሜው ለአባትና ልጅ ኢንጋልሶች መታሰቢያ ነው። ሁለቱም በየዘመናቸው የዬል ሆኪ ቡድን አምበል ነበሩ። አባትዬው ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስም ያተረፈ የባሕር ኃይል አብራሪ ነበር።

በግንቦት 1970 ከተማዋ ብላክ ፓንተር በተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የፖለቲካ ድርጅት አባላት የፍርድ ሂደት ምክንያት በሰልፍ ስትናጥ ሪንኩ ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ነበር። የሞተ ሰው የለም። ማን እንዳፈነዳው ግን ዛሬም ድረስ ያከራክራል።

በ2010 ገደማ ትልቅ እድሳት ተደረገለት። ሥራውን የያዘው የኬቨን ሮች ቢሮ ነው። ሮች በወጣትነቱ ሳሪነን ዘንድ የሠራ ሰው ነው። አዲሱን ክፍል ከመሬት በታች ስለሠራው የዓሣ ነባሪው ቅርጽ አልተነካም። ጎበዝ ተማሪ ማለት እንዲህ ነው።

የወንዶቹ ቡድን በ2013 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ። የፍጻሜው ጨዋታ የተካሄደው ፒትስበርግ ነው። ተጋጣሚው ኩዊኒፒያክ ከኒው ሄቨን አፍንጫ ሥር ያለ ጎረቤት ነው። በዚያው የውድድር ዘመን ዬልን ሦስት ጊዜ አሸንፎ ነበር። አራተኛውን ዬል 4 ለ 0 ወሰደው።