ስልኩን ፈርተን ፓወር ባንኩን ረሳነው፦ በአውሮፕላን ውስጥ ስለ ስልክና ባትሪ የሚባሉ ስሕተቶችና እውነታው

ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአየር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ግን ስለ ስልክ የማይባል ነገር የለም። አንዷ እናት ለልጇ ቪዲዮ ስትከፍት ከኋላ ያሉ አባት «ኧረ አጥፊው የኔ ልጅ፣ ልትፈጂን ነው» ይላሉ። ወዲህ ማዶ ያለው ወጣት ደግሞ ሞተሩ እየጮኸ፣ በሩ ተዘግቶ፣ «ሃሎ! ልንነሳ ነው! አይሰማም እኮ!» እያለ ነው። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው። ሁለቱም ቦርሳ ውስጥ ደግሞ የት እንደተሠራ የማይታወቅ ፓወር ባንክ አለ። መብራት እንዲህ በሚጠፋበት አገር ያለ ፓወር ባንክ ከቤት የሚወጣ ማን አለ? ስለ እሱ ግን የሚያነሳ የለም። እኔን የሚያስፈራኝ ደግሞ እሱ ነው። እስኪ የሚባሉትን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ስልክ ካልጠፋ አውሮፕላኑ ይወድቃል»

አይወድቅም። የመንገደኛ ስልክ አውሮፕላን ጣለ ተብሎ በማያሻማ መንገድ የተረጋገጠ አደጋ እስከ ዛሬ የለም።

ፍርሃቱ ራሱ ከሞባይል በፊት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሰው ትንንሽ የኤፍኤም ራዲዮ ይዞ መሳፈር ጀመረ። ራዲዮ መቀበል ብቻ ይመስለናል እንጂ ጣቢያ ለመያዝ ሲል ውስጡ የራሱን ደካማ ሞገድ ያመነጫል። ያ ሞገድ ደግሞ ከ108 እስከ 118 ሜጋኸርዝ ባለው መስመር ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ ፓይለቱ አቅጣጫውን የሚያገኝባቸው የምድር ጣቢያዎች የሚያስተላልፉት እዚያው ላይ ነው። አሜሪካኖቹ በዚህ ምክንያት ከለከሉት። ሞባይል ብዙ ዓመት ቆይቶ ሲመጣ በዚያው ጥርጣሬ ውስጥ ገባ።

ደንቡ የላላው የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2013 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ ነው። ስልክና ታብሌት በፍላይት ሞድ፣ ማለትም የሞባይል ኔትወርኩ ተዘግቶ፣ ከመነሳት እስከ ማረፍ ሊሠሩ ይችላሉ አለ። አውሮፓም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተከተለ። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፦ አየር መንገዱ ያ የአውሮፕላን ዓይነት ሞገዱን እንደሚችል መርምሮ ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ «በዚያኛው አየር መንገድ ፈቅደውልኝ በዚህኛው ለምን ይከለክሉኛል» ብሎ ከአስተናጋጇ ጋር መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። የደንቡ ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው፣ እሷ ከኪሷ አላመጣችውም።

«እንግዲያው ፍላይት ሞድ ቀልድ ነው»

እሱም አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ሞንታርቦ ወይም በድሮ ራዲዮ አጠገብ ስልክ ያስቀመጠ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ስልኩ ሊጠራ ሲል ቀድሞ «ድድት፣ ድድት፣ ድርርርር» ይላል። ይኸው ድምፅ በፓይለቱ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ሊገባ ይችላል። አንድ ስልክ ብዙም ላይረብሽ ይችላል። ግን ሐምሌ ላይ፣ ደመናው ቦሌ ላይ ተኝቶ፣ ፓይለቱ ከታወር፣ ከኤርፖርቱ መቆጣጠሪያ፣ የሚነገረውን የከፍታ ቁጥር እየሰማ ባለበት ሰዓት አንዲት ቁጥር በዚያ ጩኸት ብትሸፈን ጥሩ ነው? ጉዳዩ ይሄ ነው። የሚፈለገው ጸጥታ ነው፣ በተለይ ሲነሳና ሲያርፍ።

ሌላም ምክንያት አለ፣ እሱን ደግሞ ብዙ ሰው አልሰማውም። አሜሪካ ውስጥ በበረራ ላይ በሞባይል መደወልን እ.ኤ.አ. በ1991 የከለከለው የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት አይደለም፣ የቴሌኮም ተቆጣጣሪው ነው። ስልክ ምድር ላይ ሲሆን የሚያየው ጥቂት የኔትወርክ ማማዎችን ነው። ሰማይ ላይ ሲወጣ ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ማማ ያያል፣ በአውሮፕላን ፍጥነት ደግሞ ካንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ኔትወርኩ የተሠራው ለዚህ አልነበረም። በእናንተ በኩል ያለው ጉዳት ደግሞ ቀላል ነው፦ ስልኩ ኔትወርክ ፍለጋ አቅሙን ሁሉ ስለሚያወጣ አዲስ አበባ ስትደርሱ ባትሪው አልቆ «ደርሻለሁ» ለማለት እንኳ አይበቃችሁም።

አልፎ አልፎ፣ እይታ በጣም ሲከፋ፣ «ሁሉንም መሣሪያ ሙሉ በሙሉ አጥፉ» ሊባል ይችላል። ያኔ ፍላይት ሞድ አይበቃም፣ ይጥፋ።

«ፍላይት ሞድ ላይ ስልኩ ዕቃ ነው፣ ምንም አይሠራም»

የሚዘጋው የሞባይል ኔትወርኩ ነው። ዋይፋይና ብሉቱዝ አየር መንገዱ ከፈቀደ ተመልሰው ይከፈታሉ። አውሮፕላኑ የራሱ ዋይፋይ ካለው እሱ ተመርምሮ የተገጠመ ስለሆነ የሚቃረን ነገር የለውም።

ጂፒኤስ ደግሞ የሚቀበል እንጂ የሚያስተላልፍ አይደለም፣ በአሁኑ ጊዜ አብዛኛው ስልክ ላይ በፍላይት ሞድም ይሠራል። ካርታውን ቤት እያላችሁ አውርዱና መስኮት ዳር ተቀመጡ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ቀጥታ መስመር ብታሰምሩ በጮቄ ተራራ በኩል ያልፍና ደጀን አካባቢ ዓባይን ይሻገራል። በአውቶቡስ ስንት ሰዓት የሚፈጀው በረሃ ከላይ ሲታይ እንዲህ ቶሎ ማለቁ ትንሽ ያናድዳል፣ ግን ነጥቧን ካርታው ላይ እያዩ ማለፍ ደስ ይላል። ኔትወርክ አያስፈልገውም።

«ላፕቶፕ አስቀምጡ የሚሉት በጨረሩ ነው»

አይደለም፣ በክብደቱ ነው። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ላፕቶፕ አውሮፕላኑ ድንገት ፍሬን ሲይዝ እጃችሁ ላይ አይቆይም፣ የፊተኛው ሰው አንገት ላይ ነው የሚያርፈው። ደግሞም አውሮፕላን ፈቃድ ሲያገኝ ግማሹ በር ተዘግቶ እንኳ ሰው ሁሉ በ90 ሴኮንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችል መታየት አለበት። በዚያች ደቂቃ ተኩል የተዘረጋ ቻርጀር ገመድ እግር ይጠልፋል። የጆሮ ማዳመጫ አውጡ የሚሉትም ትእዛዝ እንድትሰሙ ነው። ከጨረር ጋር ምን አገናኘው?

«የአባባ የጆሮ መስሚያም ይጥፋ»

ይህን ያለ ሰው ገጥሞኛል። የጆሮ መስሚያና የልብ ምት ማስተካከያ በአሜሪካው ደንብ ውስጥ በስማቸው ተጠርተው ከክልከላው ውጭ ተደርገዋል። የኤሌክትሪክ ፂም መላጫም እዚያው ዝርዝር ውስጥ አለ። ማን ጠይቆ እንዳስገባው እንጃ።

«ፋይቭ ጂ አውሮፕላን አስቁሟል»

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2022 አሜሪካ ውስጥ የተነሳው ጭቅጭቅ ነው የተጋነነው። ጉዳዩ የመንገደኛ ስልክ አልነበረም። ኤርፖርት አጠገብ ያሉ የፋይቭ ጂ ኔትወርክ ማማዎች፣ አውሮፕላኑ ከመሬት ያለውን ከፍታ በሚለካበት መሣሪያ ሞገድ አካባቢ ስለሚሠሩ የተነሳ ስጋት ነው። እናንተ ቲክቶክ ከማየታችሁ ጋር አይገናኝም።

«ፓወር ባንክ ከሰው ራቅ ብሎ ሻንጣ ውስጥ ቢገባ ይሻላል»

ይሄኛው ነው ትልቁ ስሕተት። አስተሳሰቡ ይገባኛል፦ አደገኛ ከሆነ ይራቅ። የሚያስፈልገው ግን ተቃራኒው ነው። ፓወር ባንክና ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚገባው፣ ቼክ ኢን በሚደረግ ሻንጣ ፈጽሞ አይገባም።

ምክንያቱ ሊቲየም ባትሪ የሚቃጠልበት መንገድ ነው። ባትሪው ቢወድቅ፣ ቢጨፈለቅ፣ ወይም ሲሠራ ጀምሮ ጉድለት ቢኖርበት ውስጡ ይነካካል። ይሞቃል። ሙቀቱ ኬሚካሉን ያፈላዋል፣ እሱም ተጨማሪ ሙቀት ይፈጥራል፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው ራሱን ያቀጣጥላል። መጀመሪያ ያብጣል፣ ከዚያ «ሽሽሽ» ይላል፣ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ከዚያ እሳት። ይህ ካቢን ውስጥ ቢሆን ሰው ያየዋል፣ አስተናጋጆቹም ለዚህ ሠልጥነዋል። ሻንጣ የሚጫንበት የአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ፣ በበሶውና በቅቤው መሃል ቢሆን ግን ማን ያየዋል? እዚያ ያለው ማጥፊያ ጋዝ ነበልባሉን ይቀንሳል እንጂ ባትሪውን አያቀዘቅዘውም። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ባደረገው ሙከራ፣ ሻንጣ ውስጥ የጋለ የላፕቶፕ ባትሪ አጠገቡ ያለ የሚረጭ የፀጉር ማጽጃ ቆርቆሮ ካፈነዳ ያ ጋዝ ላይችለው እንደሚችል አሳይቷል። የሚረጭ ዶድራንት የማይዝ መንገደኛ ደግሞ የለም።

ወሬ ነው የምትሉ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ኮሪያ ቡሳን ውስጥ ወደ ሆንግ ኮንግ ሊነሳ የነበረ የኤር ቡሳን ኤርባስ አውሮፕላን መሬት ላይ እያለ ተቃጠለ። 176ቱም ሰዎች በተንሸራታቹ ወጡ፣ የአውሮፕላኑ ጣሪያ ግን ነደደ። መርማሪዎቹ የጠረጠሩት ከላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ የነበረ ፓወር ባንክ ነው። ከዚያ በኋላ ኮሪያ ከማርች 1 ጀምሮ ፓወር ባንክ ከላይ ማስቀመጥን ከለከለች። ሲንጋፖር አየር መንገድ ከኤፕሪል፣ ኤምሬትስም ከኦክቶበር ጀምሮ በበረራ ላይ መጠቀምን ከለከሉ። ይዘህ ግባ፣ ግን አትጠቀምበት ማለት ነው።

ባትሪ ትልቅ ትንሽ አይልም። ሐምሌ 2005 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 12 ቀን 2013፣ የኛው አየር መንገድ ድሪምላይነር አውሮፕላን ለንደን ሂትሮው ኤርፖርት ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ ሳለ ጭራው አካባቢ ተቃጥሎ ነበር። መነሻው የአደጋ ምልክት ማስተላለፊያ የምትባል ትንሽ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ናት። የባትሪዋ ሁለት ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተቆንጥጠው ነበር። ሁለት ሽቦ!

«የሃያ ሺህ ፓወር ባንክ ትልቅ ነው፣ አያስገቡትም»

ያስገቡታል። የሚቆጠረው ዋት አወር የሚባለው፣ ባትሪው የሚይዘው የኃይል መጠን፣ ነው። የተጻፈውን ሚሊ አምፔር አወር በ3.7 አባዙና ለ1000 አካፍሉ። ሃያ ሺህ 74 ይሆናል፣ ከተለመደው ገደብ ከ100 በታች ነው። ሠላሳ ሺህ ግን 111 ይመጣል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው ደግሞ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይፈልጋል። ከ160 በላይ በጭራሽ አይገባም። ችግሩ ገበያ ላይ ያለው ፓወር ባንክ ወይ ጽሑፉ ጠፍቷል፣ ወይ «ሃምሳ ሺህ» ብሎ ይዋሻል። ዋሽቶ የተጻፈውን ፈታሹ እውነት ነው ብሎ ቢወስደው ደግሞ ምን ብላችሁ ትከራከራላችሁ? ያበጠውን እንኳን አውሮፕላን ላይ ቤትም አታቆዩት።

«ቢያጨስ በጋቢ አፈን አደርገዋለሁ»

በጭራሽ! ጋቢ ሙቀት ይይዛል፣ ለዚህ አይደል የምንለብሰው። ባትሪው የሚያስፈልገው ሙቀቱ እንዲወጣለት ነው። በረዶም አይሆንም፣ እሱም ሙቀቱን አፍኖ ያስቀራል። መጀመሪያ አስተናጋጆቹን ጥሯቸው። እነሱ ነበልባሉን በማጥፊያ ይመቱና ከዚያ ውኃ ወይም አልኮል የሌለው መጠጥ ደጋግመው ያፈሱበታል። ቦርሳ ውስጥ ያለችው አረቄ ለዚህ እንደማትሆን መናገር አያስፈልገኝም።

ስልክ ወንበር መሃል ቢገባባችሁም እንዲሁ ነው። ወንበሩን ወደፊት ወደኋላ እያደረጋችሁ አትፈልጉት። ብረቱ ስልኩን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀ ባትሪ ምን እንደሚሆን አይተናል። ተነሱና ለአስተናጋጆቹ ንገሩ።

«ቦርሳዬ የእጅ ስለሆነ እኔን አይመለከተኝም»

በአገር ውስጥ በረራ ላይ የሚመጣው አውሮፕላን ብዙ ጊዜ ባለ ፕሮፔለሩ ነው፣ ከላይ ያለው ማስቀመጫ ጠባብ ነው። የእጅ ሻንጣችሁን ደረጃው ሥር ስትደርሱ «ይሄ ከታች ይግባ» ሊሏችሁ ይችላሉ። ያኔ ቦርሳው የእጅ መሆኑ ቀረ ማለት ነው። ከመስጠታችሁ በፊት ክፈቱና ፓወር ባንኩን አውጡ፣ ትርፍ ባትሪ ካለም እንዲሁ። ኋላ የቆመው ሰው «ኧረ ፍጠኑ» ቢልም ይጠብቅ። ከመጀመሪያውኑ ከላይኛው ኪስ ብታስቀምጡት ደግሞ ሰው ፊት ልብስ መበተን አይመጣም።